በዠጂያንግ አገር መርዝ የምታነሣው ቅጠል

በምሥራቅ ቻይና ወደሚገኘው ወደ ዠጂያንግ ግዛት የሚሄድ መንገደኛ ሻይ የተተከለበትን ኰረብታና ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ እያየ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በቹዡ በኩል ቀድሞ እርሳስና ዚንክ ይወጣበት ወደ ነበረው ስፍራ ሲደርስ የምድሩ መልክ ይለወጥበታል። ከጕድጓድ የወጣው ድንጋይና ዐፈር በመርዛም ብረት የተመላ ስለ ሆነ፥ ብዙው ዕፅ በዚያ ላይ ሊበቅል አይችልም።

በዚሁ ምድር ላይ ግን ለምልማ የምትበቅል አንዲት ትንሽ ተክል አለች። ቅጠሏ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ፥ አበባዋም ቢጫ ነው። ሊቃውንት ሴዱም አልፍሬዲ ይሏታል፤ በአገራችን የምናውቀው እንዳሁላም ከእርስዋ ጋራ በዘር ይዛመዳል። የዠጂያንግ ዩኒቨርሲቲ መምህራን መርምረዋት፥ በአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል ውስጥ ከ4 ግራም የበለጠ ዚንክ ማግኘታቸውን በ2002 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) ገለጹ። ካድሚየም የተባለውንም ክፉ መርዝ እንደዚሁ ከዐፈር ስባ በቅጠሏ ታከማቻለች። የሚያስደንቀው፥ በሃንግዡ ከሻይ እርሻ የተገኘችው እኅቷ ይህ ኀይል የላትም፤ በመርዙ ምድር ብትተከል ትጐዳለች። መርዙን መሸከም የቻለችው በመርዙ መካከል ያደገችው ብቻ ናት።

ይህ ነገር የቤት እመቤትን ምን ይመለከታታል የሚል ቢኖር፥ መልሱ በድስቱ ውስጥ ነው። ካድሚየም ሳይታይ ወደ ሩዝ ፍሬ ይገባል፤ ቢቀቀልም አይጠፋም፤ በሰው ኵላሊትም ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። በጃፓን አገር በጂንዙ ወንዝ አጠገብ፥ ከማዕድን ማውጫ በወረደው ካድሚየም የተነሣ፥ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች አጥንታቸው እየተሰበረ ተሠቃዩ። በሽታውም «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ ትርጓሜውም «አመመኝ፥ አመመኝ» ማለት ነው። የጃፓን መንግሥት የበሽታውን ምክንያት በ1968 ዓ.ም. በዚሁ አቈጣጠር አስታወቀ።

እንግዲህ ማሳው የተመረዘበት ገበሬ ምን ያድርግ? ዐፈሩን ዝቆ በሌላ መተካት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በደቡብ ቻይና ይህችን ተክል ከበቈሎ ጋራ በአንድ ማሳ መትከል ተሞከረ፤ እርስዋ መርዙን ስትስብ ገበሬውም ከእርሻው እንዳይለይ ነው። ሆኖም ሥራዋ ከባለዕዳ ገንዘብን ጥቂት በጥቂት እንደ መቀበል ነውና በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ደጋግሞ መትከልና ማጨድ ያሻል።

የታጨደውም ቅጠል ለከብት አይሰጥም፥ ፍግ አይሆንም፥ በጓሮም አይቃጠልም። መርዙ ከዐፈር ወጣ እንጂ አልጠፋምና፥ ጭሱ በሚጣራበት ምድጃ መቃጠል፥ አመዱም ተጠብቆ መቀመጥ አለበት። ይህ ከተዘነጋ ከማሳው የወጣው መርዝ ተመልሶ ወደ ማሳው ይገባል፤ የዓመታት ድካምም ከንቱ ይቀራል።

አንባቢ ሆይ፥ ምድርን መመረዝ ፈጥኖ የሚፈጸም ሥራ ነው፤ ማንጻቱ ግን ትዕግሥተኛ ቅጠልና ከእርስዋ የበለጠ ትዕግሥተኛ ሰው ይፈልጋል።