የእጅ ስልክ ጨዋታን ስለ መመዘን

ጨዋታ ለሰው ልጅ ከእንጀራ ቀጥሎ የሚፈለግ ነገር እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። አባቶቻችን በሰንጠረዥና በገበጣ አሳባቸውን ያሠለጥኑ ነበር፤ ጎልማሶቹም በገናና በጉግስ ጉልበታቸውን ይፈትኑ ነበር። በዚህ ዘመን ግን ጨዋታው ከሜዳ ተነሥቶ ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም የእጅ ስልክ እስካለው ድረስ ጨዋታ ከእጁ አይለየውም። ስለዚህ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ዛሬ ሊጠይቀው የሚገባው፥ ልጆቼ ይጫወቱ ወይስ አይጫወቱ ብሎ አይደለም፤ ከዚህ ሁሉ ብዛት የትኛው ወደ ቤቴ ይግባ፥ የትኛውስ በደጅ ይቅር ብሎ ነው እንጂ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ተብሎ የተሰናዳ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ነጥብ ነው። የአፕል ኩባንያ የስልክ ጨዋታና መሣሪያ የሚሸጥበትን መደብር በ2008 ከከፈተ ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ) ገዢው ሁሉ ከ1 እስከ 5 ኮከብ እየሰጠ አሳቡን ይገልጻል፤ በጉግል መደብርም እንዲሁ ነው። ወላጅ ኮከቡን አይቶ፥ አራት ተኩል ካገኘ መልካም ነው ብሎ ስልኩን ለልጁ ያቀብላል።

እኔ በሙያዬ የችሎት ጸሓፊ ነኝ፤ የምስክርን ቃል ስጽፍ ሀያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምስክር በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ነገሩ አይደለም። ስምህ ማን ነው፥ ዕድሜህ ስንት ነው፥ ከተከራካሪዎቹ ጋራ ዝምድና ወይም ጠብ አለህ ወይ፥ ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን የምትናገረው ይባላል። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ቃሉ ይጻፋል። ኮከብ የሚሰጠው ሰው ግን ከነዚህ አንዱንም አይጠየቅም። ሀያ ቀን የተጫወተውና ሀያ ደቂቃ የነካካው፥ የስምንት ዓመት ሕፃንና የአርባ ዓመት ሰው፥ ሁሉም በአንድነት ተደምረው አንድ ቍጥር ይሆናሉ። ደግሞም ብዙ ጨዋታ ተጫዋቹ ባሸነፈባትና ልቡ ደስ ባላት ሰዓት ድንገት ብቅ ብሎ፥ እስኪ ኮከብ ስጠኝ ይለዋል። ይህ ባለጕዳዩ ምስክሩን ግብር አብልቶ ወዲያው ቃሉን እንደ መቀበል ያለ ነው። ከዚህም የከፋው፥ ምስክርነቱ በገንዘብ የሚገዛበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየትን መግዛትና መሸጥ የሚከለክል ደንብ በ2024 ያወጣው ስለዚህ ነው።

አማካይ የሚባለውም ነገር የሚሸሽገው አለው። ዐሥር ሰዎች አንድ ጨዋታ መዘኑ እንበል፤ አምስቱ 5 ኮከብ፥ አምስቱ ደግሞ 1 ኮከብ ሰጡ። ድምሩ 30 ስለ ሆነ አማካዩ 3 ይሆናል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከዐሥሩ አንድ እንኳ 3 ያለ ሰው የለም። እኩሌቶቹ የወደዱት ስለ ምንድር ነው፥ እኩሌቶቹስ የጠሉት ስለ ምንድር ነው ብሎ ያልጠየቀ ሰው፥ ማንም ያልተናገረውን ቃል ይዞ ይሄዳል።

በሌላ አገር ለዚህ ሥራ ልዩ ልዩ ሥርዓት አውጥተውለታል። ፋሚጹ የሚባለው የጃፓን መጽሔት አንዱን ጨዋታ ለአራት ሰዎች ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ከ10 ይሰጥና ድምሩ ከ40 ይሆናል። ሙሉውን 40 ያገኘ የመጀመሪያው ጨዋታ የወጣው በ1998 ነው። በ2001 የተጀመረው ሜታክሪቲክ ደግሞ የብዙ ጸሓፊዎችን ፍርድ ሰብስቦ ከ100 ያወጣል። ከነዚህ ጋራ የማይምታታ ሌላ ምልክት አለ፤ እርሱም በአሜሪካ በ1994፥ በአውሮፓ በ2003 የተቋቋመው የዕድሜ ምልክት ነው። በአውሮፓው ሥርዓት 3፥ 7፥ 12፥ 16፥ 18 ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቍጥር ጨዋታው ለየትኛው ዕድሜ እንደማይጎዳ ይናገራል እንጂ፥ ጨዋታው መልካም ነው ብሎ አይመሰክርም፤ 3 የተባለውን ሁሉ የሦስት ዓመት ሕፃን ይችለዋል ማለትም አይደለም።

እኔ በልጅነቴ በሁለት ትምህርት ቤት ተመዝኛለሁ። በቅኔ ቤት ቍጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ተማሪው ቅኔውን በጉባኤ ይዘርፋል፤ መምህሩ ያዳምጡና ያማረው እንደ ሆነ ይበል ይባላል፤ የተበላሸው እንደ ሆነ ቤቱ የሰበረበት፥ ምሥጢሩ የላላበት ስፍራ በሰው ሁሉ ፊት ይነገረዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ወረቀታችን በቀይ ቀለም 68 ወይም 91 ተብሎ ይመለስልን ነበር። በፊተኛው ምክንያቱን ስለምናውቅ ማረም እንችል ነበር፤ ነገር ግን ከባልንጀራችን በምን ያህል እንደምንበልጥ ወይም እንደምናንስ አናውቅም። በሁለተኛው ልኩን ስለምናውቅ መወዳደር እንችል ነበር፤ ነገር ግን የጎደለችው ነጥብ በምን እንደ ጎደለች ብዙ ጊዜ አናውቅም። ምክንያት የሌለው ቍጥር ሐተታ እንደሌለው ፍርድ ነው። ቍጥር የሌለው ምክንያትም ለሥራ ለሚቸኵል አባት ይረዝምበታል። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መልካም ነው።

ባለቤቴ የልጆቹ ክርክር ባስመረራት ጊዜ፥ «አንተ የሰውን ጠብ ቀኑን ሙሉ ትጽፍ የለም ወይ፤ የቤትህንስ ለምን አትመዘግብም» ስላለችኝ አንድ ደብተር ለዚህ ሥራ ለየሁ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አምስት ጥያቄ አቀርባለሁ፤ ለእያንዳንዱም ጥያቄ 20 ነጥብ አለው። አንደኛ፥ ተጫዋቹ የሚያድገው በብልሃቱ ነው ወይስ በዕድልና በገንዘብ? ሁለተኛ፥ በቃኝ ለማለት ይመቻል ወይ? ሦስተኛ፥ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው ወይስ እያደር የሚጠይቀው አለ? አራተኛ፥ ማስታወቂያ ሳያበዛ፥ ዳታም ሳይበላ ይሠራል ወይ? አምስተኛ፥ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በቤት ውስጥ የሚተወው ሣቅና ወሬ ነው ወይስ ጠብና ኩርፊያ?

በዚህ ሚዛን ሲታይ ቀላል የሚመስለው አንዳንዴ ከባድ ሆኖ ይገኛል። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የሠራው ቴትሪስ፥ እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተሠሩ ሰባት ቅርጾች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሕጉን ሕፃን በአንድ ጊዜ አይቶ ያውቀዋል፥ ብልሃቱ ግን አያልቅም። ለብልሃት ሙሉ 20 ሰጠሁት፤ ተጫዋቹ እስኪሸነፍ ድረስ መጨረሻ ስለሌለው ግን በቃኝ ለማለት 12 ብቻ ሰጠሁት። የእኛ ዕድሜ ሰዎች የምናስታውሰው፥ ኖኪያ በ1997 በ6110 ስልክ ላይ ያወጣው የእባብ ጨዋታ፥ ገንዘብም ማስታወቂያም ኔትወርክም የማይጠይቅ ስለ ነበረ በሦስተኛውና በአራተኛው ጥያቄ ምንም አልጎደለበትም። በ2012 የወጣው ካንዲ ክራሽ አምስት ነፍስ ይሰጣል፤ የጠፋችው አንዲት ነፍስ የምትመለሰው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያልታገሠ ይከፍላል። ይህን አሠራር ልጄ ዕረፍት ነው ብላ ታመሰግነዋለች፤ እኔ ግን የተጫዋቹ ትዕግሥት ለሽያጭ ቀርቧል እላለሁ። በ2021 የወጣው ወርድል ደግሞ በቀን አንዲት ቃል ብቻ ያቀርባል፤ ተጫዋቹ በስድስት ሙከራ አገኛትም አላገኛትም፥ እስከ ነገ በቃ ይለዋል። በቃኝ ለማለት ሙሉ 20 የሰጠሁት ለርሱ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ዶንግ ኑዌን የሚባለው የቬትናም ሰው ነው። በ2013 ፍላፒ በርድ የምትባል ትንሽ ጨዋታ አወጣ፤ በዓለም ሁሉ ተወዳጅ ሆና ሳለች፥ ሰውን ሱስ አስያዘች ብሎ በየካቲት ወር 2014 በገዛ እጁ ከመደብር አወረዳት። ገበያው ደርቶለት ሳለ በራሱ ላይ የፈረደ ነጋዴ በችሎት ውስጥ በኖርሁበት ዘመን አላጋጠመኝም።

ገበጣም በስልክ መጥቷል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ለእናቴ አሳያቸው። «ጠጠሩ የት አለ? በጣቴ ሳልቈጥረው እንዴት አምነዋለሁ?» አሉ። ቆይተውም፥ ይህ የእኛ አገር አዘራር አይደለም ብለው ከስልኩ ጋራ ተከራከሩ። እውነታቸውን ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው ገበጣ በየአገሩ ሕጉ ልዩ ልዩ ነው፤ ስልኩ ግን አንዱን ብቻ ያውቃል። ሆኖም በዚያ ማታ አያትና የልጅ ልጅ እስከ እራት ድረስ ሲጫወቱ ስላመሹ በአምስተኛው ጥያቄ 20 ጻፍሁለት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለልጆቹ አንድ ታብሌት ላከላቸው፤ የመደብሩ ሒሳብ በርሱ ካርድ የተከፈተ ነበር። ልጄ በነፃ የሚወርድ፥ አራት ተኩል ኮከብ ያለው አንድ ጨዋታ አገኘ። በጨዋታው ውስጥ ዕንቍ የሚባል ገንዘብ አለ፤ በዕንቍውም ውስጡ ያልታወቀ ሣጥን ይገዛል። በአንድ ወር ውስጥ ከወንድሜ ካርድ 180 ዶላር ወጣ። ወንድሜ በየወሩ ለእናታችን መድኃኒት የሚልከው በዚያ ወር ጎድሎ መጣ፤ ስለ ምን እንደ ጎደለም ደፍሮ አልነገረንም፥ ዘግይተን ነው የሰማነው። ልጁን በጠየቅሁት ጊዜ፥ «አባዬ፥ ዕንቍው እኮ የጨዋታ ነው፤ የጋሼ ገንዘብ አይደለም» አለኝ። ያለቀሰው ለቍጣዬ አልነበረም፤ የአያቱን መድኃኒት ስም በሰማ ጊዜ ነው እንጂ።

የልጁ ቃል ሐሰት አልነበረበትም፤ ዕንቍ የተባለው ገንዘብ መሆኑ እንዲረሳ ነውና። ነገሩም በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2014 አፕል፥ ሕፃናት ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ በጨዋታ ውስጥ ስላወጡት ገንዘብ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፥ ጉግልም ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ከንግድ ኮሚሽኑ ጋራ ተስማምተዋል። በ2018 የቤልጅግ የቍማር ኮሚሽን በገንዘብ የሚገዛውን ስውር ሣጥን መርምሮ በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው የቍማርን ሕግ የሚጥስ ነው ብሏል።

ያን ጨዋታ በደብተሬ በመዘንሁት ጊዜ ለብልሃት 15፥ ለሌሎቹም መጠነኛ ነጥብ አገኘ፤ በገንዘብ ግን 0 ሆነ፤ ድምሩ 51 ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ድንጋጌ ጨመርሁ፤ በሦስተኛው ጥያቄ 0 ያገኘ ጨዋታ ድምሩ የቱንም ያህል ቢሆን ወደ ቤት አይገባም። በችሎትም ቢሆን፥ ሰውየው የጎረቤቱን ከብት መውሰዱ ከተረጋገጠ በኋላ፥ ድምፁ መልካም ነው፥ እርሻውም ያማረ ነው ተብሎ ጥፋቱ አይጣፋለትም። ድምር ጕዳትን በውበት እንዳይሸፍን ለብቻው የሚቆም ጥያቄ ያስፈልጋል።

የዐሥራ አራት ዓመቷ ልጄ በፍርዴ ብዙ ጊዜ አትስማማም፤ እኔ 55 ባልሁት ላይ 80 ትላለች። ቃሏን ሳልሰርዝ ከበታቹ የልዩነት አሳብ ብዬ ከነምክንያቱ እጽፍላታለሁ። ታናሽዋም አሁን የራሱን ዓምድ ይዟል፤ አዲስ ጨዋታ ባየ ቍጥር አስቀድሞ የሚፈልገው ገንዘብ የሚጠየቅበትን ስፍራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታ መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሱስን አግብቶታል። ምልክቱም ራስን መግዛት አለመቻል፥ ጨዋታን ከሌላው ሥራ ሁሉ ማስቀደም፥ ጕዳቱ እየታየም አለመተው ነው፤ ይህም እንደ ልማዱ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ያመሸውን ልጅ ሁሉ በሽተኛ ነው ማለት አይገባም፤ ምልክቱን አይቶ ዝም ማለትም አይገባም።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ለጨዋታ ነጥብ ለመስጠት የፈቀድህ እንደ ሆነ፥ ከአንድ ሳምንት በፊት አትፍረድ፤ ጨዋታው ገንዘብ እስከሚጠይቅበት ስፍራ ድረስ ሂድ፤ የተጫወተው ማን እንደ ሆነና ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ጻፍ፤ ከቍጥሩ አጠገብ ምክንያቱን አኑር። የሌላውን ኮከብ ያየህ እንደ ሆነ ደግሞ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ትተህ፥ ምክንያቱን ዘርዝሮ የጻፈውን ሰው ቃል አንብብ። ልጅህንም አብረህ አስፈርደው፤ ዛሬ ጨዋታን መመዘን የለመደ ልጅ ነገ የሚበልጠውን ነገር ለመመዘን አይቸገርምና።