ዝምታ በስንት ይቆጠራል?

በመድረክ ላይ ዝምታም ቃል ነው። ተዋናዩ አንደበቱን ሲገታ ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «አላጠናም» ይባላል።

ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ከተማ ናት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። አንባቢ በዚህች ቆላማ ከተማ አንድ ክፍል በዓይነ ሕሊናው ይመልከት። ስልሳ ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው ስለ ዓባይ ውኃ ይወያያሉ። መምህሩ ወደ አንዱ ቡድን ጆሮውን ሲያዘነብል የዐሥራ አንዱ ቡድን ንግግር ያመልጠዋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ጉድለት እሞላለሁ ብሎ ይመጣል። የተማሪዎቹን ድምፅ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ተናጋሪን ከተናጋሪ ይለያል፤ እያንዳንዱን አነጋገር ጥያቄ፣ ማስረጃ ወይም ተቃውሞ እያለ ይመድባል፤ ማን ስንት ጊዜ እንደ ተናገረ፣ ማንስ ማንን እንዳቋረጠ ይቆጥራል። ብቻውን ስልሳ ልጅ ለሚያስተምር ሰው ይህ ቀላል እርዳታ አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ» ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ያስተላልፍ ነበር፤ ተማሪው «አልገባኝም» ቢል አይሰማውም፣ አይጠብቀውምም። አዲሱ መሣሪያ ይሰማል። ይሁን እንጂ የሚሰማው የተማረውን ቋንቋ ብቻ ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ዊስፐር» የተባለ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መላሽ በ680,000 ሰዓት ድምፅ የሠለጠነ ነው። ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች መካከል ዐማርኛ አለ፤ ጉሙዝኛ የለም።

ወደ ክፍሉ እንመለስ። አንዲት የጉሙዝ ልጅ ስለ ውኃው ያሰበችውን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ለጓደኛዋ ጆሮ ታንሾካሹካለች። ጓደኛዋ ያንኑ በዐማርኛ ለቡድኑ ያሰማል፤ ቡድኑም ይስማማል። በመሣሪያው መዝገብ ላይ ሐሳቡ የልጁ ይሆናል፤ በልጅቱ ስም ፊት ዜሮ ይጻፋል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የተሰረቀው ግን የአንዲት ልጅ ሐሳብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጎ ነበር፤ ያ መብት በአንድ ቆጣሪ መዝገብ ውስጥ ተመልሶ ሊቀበር አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች ፈቅደው፣ ተናጋሪዎቹም ባለቤት ሆነው፣ ጉሙዝኛም፣ በርታኛም፣ ሺናሽኛም ለመሣሪያው ጆሮ መሰጠት አለባቸው። እስከዚያው ድረስ መዝገቡ ለመምህሩ ጥቆማ ይሁን እንጂ ማርክ አይሁን። ቆጣሪው ዜሮ ከጻፈበት ወንበር አጠገብ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ይጠይቅ፦

«አንቺስ ምን ብለሽው ነበር?»