ቀደር ነው ከማለታችን በፊት



ለተመራቂዎቻችን ፕሮግራም ቀረጻ የተዋስናት ካሜራ ያላት ድሮን በሙከራ በረራ ላይ ሳለች መውደቋን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ያረፈችው ሕፃናት ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ ጥቂት እርምጃ ርቃ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተነካም። ብዙ ወንድሞች «ቀደር ነው፣ አለፈ» ብለው አጽናንተውናል። በቀደር እናምናለን። ነገር ግን መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን ኩራዙ ሳይጠፋ እንድንተኛ አይፈቅዱም ነበር። በቀደር ማመን ኩራዙን ከማጥፋት አያድንም። ስለዚህ የምህንድስና ተማሪዎች ነንና ቁጭ ብለን አሰላነው።

መጀመሪያ ነፋሱን። መሬት ላይ ቅጠል የማያንቀሳቅስ ቀን ከሕንፃና ከባሕር ዛፍ በላይ ሌላ ቀን ነው። ለምሳሌ ድሮኗ በሰከንድ 10 ሜትር ብትበር፣ ነፋሱም በሰከንድ 8 ሜትር ቢሆን፣ ነፋሱን ተከትላ 900 ሜትር ለመሄድ 50 ሰከንድ ይበቃታል። ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ ለመመለስ ግን 450 ሰከንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋታል። «ባትሪው ግማሽ ሲደርስ እንመልሳታለን» የሚለው የተለመደ አነጋገር ይህን አይቆጥርም። ከዚህ በኋላ መጀመሪያ ነፋሱን ተቃርነን እንሄዳለን፤ ስንመለስ ነፋሱ ያግዘናል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ያንኑ ክብደት አየር ላይ ለማቆየት ሞተሮቹ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ እኛ ሰማይ ላይ አይደርስም።

ሦስተኛው አወዳደቁ ነው። የአየርን ሰበቃ ትተን ብናሰላው፣ ከ40 ሜትር የሚወድቅ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ በዚህ ፍጥነት የሕፃን ራስ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን መጻፍ አያስፈልገንም። ይህን ቁጥር ካየን በኋላ «ቀደር ነው፣ አለፈ» ማለት ከበደን።

ስለ ባትሪውም አንድ ነገር። ከወደቀች በኋላ ያበጠውን ባትሪ «አንዴ ቻርጅ አድርገን እንሞክረው» ያለ ወንድም ነበር። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዶርም ውስጥም አይቀመጥም። እኛ ደጅ አውጥተን፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀን፣ አሸዋ ላይ አኑረነዋል።

ከዚህ ተነስተን በጀመዓው ቀረጻ ክፍል የተስማማንባቸው እነዚህ ናቸው፦ ያለ ፈቃድ አናበርም። ከሰው ራስ በላይ አናበርም። አንዱ ሪሞቱን ሲይዝ ሌላው ዓይኑን ከድሮኗ አይነቅልም። ከመነሳቷ በፊት የክንፎቿን ስንጥቅ በጣታችን ዳስሰን እናያለን። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ አትነሳም፤ ፕሮግራሙ ቢጀመርም እንኳ።

ስለዚህ ተመራቂዎቻችን ዘንድሮ ከአናታችሁ በላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አትጠብቁ። ከሜዳው ዳር፣ ራቅ ብለን እንቀርጻችኋለን። የተዋስነው ዕቃ አማና ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ሰው ግን የበለጠ አማና ነው። የበረራ ልምድ ያላችሁ፣ ከየትኛውም ዲፓርትመንት ብትሆኑ፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አግኙንና አስተምሩን።