ጣሪያ የሌለው ድግስ

የሙዚቃ ድግስ ሲባል አዳራሽ የሚታያችሁ ካላችሁ፣ እኛ የባሕር ዳር ልጆች እንዲያ አናውቅም። የኛ ጣሪያ የለውም። ከላይ ሰማይ፣ ከታች አቧራ፣ በመካከሉ ሕዝብ። ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የምንጠቅሰውም አንድ ቀን ነው፤ ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ስታዲየም የዘፈነበት እሑድ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርን።

ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ከታቦት አጀብ የተረፈችውን ድምፃችንን ይዘን ሄድን። ሰዉ እንዲያ የጎረፈው ያለ ነገር አልነበረም፤ «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም በሚያዝያ 2009 ወጥቶ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ አዲስ አበባ ላይ የታሰበው ምረቃው በዚያው ዓመት ነሐሴ ተከልክሏል። እንግዲህ የተከለከለ ነገር እንዴት እንደሚናፍቅ ለናንተ መንገር አያሻም!

እውነቱን ለመናገር ድግሱ የተጀመረው ሰልፉ ላይ ነው። አንዱ ጥግ «ማር እስከ ጧፍን» ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ዘፈኑ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተቀዳ፣ መጽሐፉም የጎጃም ታሪክ ነውና፣ ሕዝቡ የሚዘፍነው የጎረቤቱን ልጆች ጉዳይ ይመስል ነበር። አጠገባችን ጋቢ የለበሱ አንድ ጋሼ ዞር አሉና፣ «እናንተ ልጆች፣ ለመሆኑ መጽሐፉን አንብባችሁታል?» አሉን። ዝም አልን። «እንግዲያስ በዛብህን በስሙ ብቻ ነዋ የምታውቁት!» ብለው ሣቁብን። በሳምንቱ አንድ ቅጂ ተውሰን ለአምስት እየተቀባበልን ጨረስነው። ዛሬ ሥነ ጽሑፍ ለምን አጠናችሁ ለሚሉን ዘመዶች የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ አያምኑንም እንጂ።

ቦታችን ከመድረኩ በተቃራኒ ጫፍ ነበር። ዘፋኙ አውራ ጣት አክሎ ነው የሚታየን። ከበሮ መቺው ዱላውን ሲያወርድ እናያለን፣ ድምፁ ግን ቆይቶ ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ስለሆነ መቶ ሜትር ለራቀ ሰው ሲሶ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ፊዚክስ ክፍል ሲነግሩን አልገባንም፣ እዚያ ግን በዓይናችን አየነው። ከፊት ያሉት ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ መካከለኞቹ፣ በመጨረሻ እኛ። ጭብጨባው እንደ ጣና ማዕበል እየተንከባለለ መጥቶ እግራችን ሥር ይሰበራል። የፊተኛው ቦታ ውድ ነው ይባላል፤ ማዕበሉን ግን እነሱ አላዩትም።

ሲያልቅ ባጃጅ የለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በእግራችን፣ ዘንባባዎቹ ሥር፣ አስፋልቱን ሞልተን። ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ናችሁ ያለን አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ከዚያ ጦርነቱ። በነሐሴ 2015 ከተማችን ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ያ አስፋልት ሳይመሽ ጭር ሲል በመስኮት እያየን አመሸን።

አምስት ነበርን ብለናል፤ አሁን አራት ነን። አምስተኛው የት እንደደረሰ መጠያየቅ ከተውን ቆየን። ያን ማታ በእናቱ ሞባይል የቀዳው ግን ከኛ ጋር አለ። ምስሉ ጨለማ ነው፣ ባንዱም በቅጡ አይለይም። ስልኩ ቅርብ ስለነበር ከዘፋኙ ይልቅ የሱ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፤ ግጥሙን እያሳሳተ፣ ቅኝቱን ስቶ፣ በሙሉ ጉሮሮው።