ቀለም የተቀባው እውነትና ያልተቀባው ተረት

ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ጊዜ የሌለው ይለፈኝ።

ፒተር ጃክሰንን፣ የኒውዚላንዱን ዳይሬክተር፣ አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በ"ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍል እያወጣ ዓለምን ሲኒማ ቤት ደጅ ያሰለፈ፣ በመጨረሻው ክፍል ብቻ 11 ኦስካር ጠራርጎ የወሰደ ሰው ነው። በ2018 ደግሞ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት "ዘይ ሻል ኖት ግሮው ኦልድ" የተባለ ዘጋቢ ፊልም አወጣ። ሁለቱን ሰሞኑን አከታትዬ አየኋቸው። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፣ ከዚያ ተከራከሩኝ፦ ስለዚያ ጦርነት የበለጠ እውነት የነገረኝ ጭራቅና አስማት ያለበት ፊልም ነው። ዘጋቢው ግን ያን ሁሉ ውበቱን ይዞ አታሎኛል።

ምስጋናውን ላስቀድም፤ ፊልሙ ይገባዋል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ጦርነቱ ያበቃበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ለጃክሰን ወደ 100 ሰዓት የሚጠጋ ጥንታዊ ፊልም አስረከበው። ድምፁ የመጣው ሙዚየሙና ቢቢሲ ከዘመቻው ተመላሾች ከቀዱት ወደ 600 ሰዓት ከሚጠጋ ቃል ነው። ተራኪ የለም። ጢሙን እየነካካ የሚያብራራልን የታሪክ ፕሮፌሰርም የለም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያወራሉ፣ እኛ እንሰማለን። የዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ የሚዘወር ስለነበር ፍጥነቱ አንድ ወጥ አልነበረም፤ በድሮ ፊልም ላይ ሰው ሁሉ እንደ ፌንጣ እየዘለለ የሚሄደውም ለዚህ ነው። የጃክሰን ባለሙያዎች የጎደለውን ምስል በኮምፒውተር ሞልተው እርምጃውን የሰው እርምጃ አደረጉት። ፊልሙ ሩብ ያህሉን ከሄደ በኋላ ያ ጠባብ ጥቁርና ነጭ ምስል ይሰፋና ቀለም ይገባበታል። በዚያች ቅጽበት አፉን የማይከፍት ሰው ካለ አላምነውም። ጥርሳቸውን ታያላችሁ። የተበላሸ፣ የጎደለ፣ የሃያ ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ መኖር የማይገባው ጥርስ።

ንግግራቸውም እንደዚያው ነው። መትረየሱን ለማቀዝቀዝ በተሞላው ውኃ፣ መሣሪያው ተኩሶ ተኩሶ ሲፈላ፣ ሻይ ያፈሉበት ነበር። ዕድሜው ያልደረሰውን ልጅ መልማዩ ወጣ ብሎ ልደቱን አክብሮ እንዲመለስ ይመክረዋል፤ ልጁም ወጥቶ፣ አድጎ ይገባል። ስለ ቅማል፣ ስለ አይጥ፣ በግንድ ላይ ተደርድረው ስለሚጸዳዱበት ጉድጓድ የሚያወሩት እየሳቁ ነው። ጀግንነት የሚለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ወርቅ ነው።

ቅሬታዬ ወርቁ ላይ ስለተቀባው ነገር ነው። የደንብ ልብሱን ቀለም ጃክሰን ከራሱ የወታደር ልብስ ስብስብ ወሰደ እንበል፤ የሣሩንና የአፈሩንም እዚያው ፈረንሳይ ሄዶ አይቷል። የዓይናቸውንስ? የጸጉራቸውንስ? የመረጠው አንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው። የድሮው ፊልም ድምፅ የለውምና ከንፈር አንባቢዎች ወታደሮቹ የሚሉትን ገመቱ፣ ተዋንያን ደግሞ ቃሉን አሰሙ። የሚናገሩት ሽማግሌዎች ስማቸው አይጠቀስም፤ ድምፃቸው የሚያርፈውም የራሳቸው ባልሆነ ፊት ላይ ነው። የት እንደሆነ አይነገረንም፣ መቼ እንደሆነም። 1914ና 1917 አንድ ላይ ተቦክተዋል። ዋናው ውጊያ ላይ ሲደርስ ደግሞ፣ ከእግረኛው ጋር ሆኖ ጥቃቱን የቀረጸ ካሜራ ስላልነበረ፣ ከ"ዘ ዋር ኢለስትሬትድ" መጽሔት ሥዕሎችን አመጣ። ይህ መጽሔት በጦርነቱ ዘመን ለእንግሊዝ ሕዝብ ወኔ ማነሳሻ ይታተም የነበረ ነው። ለአራት ዓመት ሕዝቡን ሲሸነግል የኖረ ሥዕል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሟቾቹ ምስክር ሆኖ ቀረበ! ከዚያ ፊልሙ አንድ የሚስቅ ወጣት ያሳየንና ወዲያው ሬሳ ያሳየናል፣ እንደገና ሌላ ወጣት፣ እንደገና ሬሳ። ያው ሰው ነው ብለን እንድናለቅስ ነው። ያው ሰው መሆኑን ግን ማንም አያውቅም።

ጃክሰን ይህን አልደበቀም ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አሠራሩን የሚያስረዳ ለብቻው የተሠራ ክፍል አለ፣ ቃለ መጠይቅም ሞልቷል። ፊልሙ ውስጥ ግን የለም። ያልታወቀውን ከታወቀው የሚለይልን አንድ መስመር ጽሑፍ ምን ይጎዳው ነበር?

የነገሩ ሥር ደግሞ የቆየ ነው። እንግሊዞች ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ የገጠሙት የሶም ውጊያ ገና ሳያልቅ፣ በነሐሴ 1916፣ "ዘ ባትል ኦፍ ዘ ሶም" የተባለ ፊልም ለሕዝብ አሳዩ፤ በስድስት ሳምንት ወደ 20 ሚሊዮን ትኬት ተሸጠ። ተመልካቹን ካስጮኹት ትዕይንቶች ታዋቂው፣ ወታደሮች ከምሽግ ዘለው ሲወጡና አንዳንዱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሲወድቅ የሚታይበት፣ ከግንባሩ ርቆ በማሠልጠኛ ቦታ የተቀነባበረ ነበር። በዚያው ፊልም ውስጥ ግን ማንም ያላቀነባበረው ሌላ ምስል አለ። ቦሞን ሀሜል ከሚባለው መንደር ፊት ለፊት፣ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ባለ ጎድጓዳ መንገድ ውስጥ፣ የላንካሺር ፊዩዚሊየርስ ሬጅመንት ወታደሮች ሰዓቱን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ካሜራውን ያያል፣ አንዳንዱ የትም አያይም። ሐምሌ 1 ቀን 1916 ማለዳ ነው፤ በዚያች አንድ ቀን ከእንግሊዝ ጦር 19,240 ሰው ሞቷል። ጃክሰን ይህን ምስል ወስዶ ቀለም ቀባው። እኔ ጥቁርና ነጩን ደግሜ አየሁት፤ ፍርሃቱ ቀለም አይፈልግም።

አሁን ወደ ተረቱ ልሂድ። የዚያው የላንካሺር ፊዩዚሊየርስ ሌላ ሻለቃ ውስጥ፣ 11ኛው ውስጥ፣ አንድ ቀጭን የመገናኛ መኮንን ነበር። ስሙ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ይባላል፤ ኋላ ተረቱን በመጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። በሶም ግንባር ከአውሮፓው በጋ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቆየ። ከልብ ጓደኞቹ አንዱ በመጀመሪያዋ ቀን ተገደለ፣ ሌላው ዓመቱ ሳያልቅ ቆስሎ ሞተ። እሱን ያዳነው ቅማል ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ቅማል የሚያስተላልፈው የምሽግ ትኩሳት ጥቅምት 27 ቀን 1916 አልጋ ላይ ጣለውና ወደ አገሩ ላኩት። (ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር ስቀይረው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሆኖ አገኘሁት፤ የሰገሌ ጦርነት የተደረገበት ቀን! የንጉሥ ሚካኤል የወሎ ጦርና የሸዋ ጦር ሰገሌ ሜዳ ላይ ሲተላለቁ ቶልኪን ፈረንሳይ ውስጥ በትኩሳት ይንዘፈዘፋል። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን አዘንብለዋል በሚል ክስ ከዙፋን እንዲወርዱ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ግፊት ስላደረጉ፣ ጦርነቱም ቢሆን ያው አንድ ጦርነት ነው ማለት ይቻላል። የእኛን ሟቾች የቀረጸ ካሜራ ግን አልነበረም።)

ቶልኪን መጽሐፉ የዚያ ጦርነት ምሳሌ ነው ሲሉት ይቆጣ ነበር። አንድ ነገር ግን በደብዳቤ አምኗል፦ በመጽሐፉ ያለው የሙታን ረግረግ ከሶም ውጊያ በኋላ ለነበረው ሰሜን ፈረንሳይ ጥቂት ዕዳ አለበት። በፊልሙ ሁለተኛ ክፍል አስታውሱት። ሁለቱ ትንንሽ ተጓዦች፣ ፍሮዶና ሳም፣ ጎሉም በሚባል ፍጡር መሪነት ረግረጉን ሲያቋርጡ ውኃው ውስጥ ፊቶች አሉ። የገረጡ፣ ያልበሰበሱ፣ ዓይናቸውን የገለጡ። በጥንት ጦርነት የሞቱ ናቸው፤ ወዳጅም ጠላትም እዚያው ተኝቷል። ስለ ሶም ጭቃ ከዘጋቢ ፊልሙ ይልቅ ይህ ትዕይንት ነገረኝ። ዘጋቢው ሬሳውን ያሳየኛል። ተረቱ ግን ከሬሳው አጠገብ እያለፈ ያደረ ሰው ከዚያ በኋላ በሕልሙ ምን እንደሚያይ ያሳየኛል። ደግሞም ማንም አያታልለኝም፤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ፈጠራ መሆኑን ነግሮኛል።

ተረቱንም በነጻ አልለቀውም። ጃክሰን ጦር ሜዳ ላይ ሲደርስ ልጅ ይሆናል። ቀስተኛው ሌጎላስ በጋሻ ላይ ቆሞ ደረጃ እየተንሸራተተ ቀስት ሲወረውር፣ ሌላ ጊዜ ያንን ግዙፍ ዝሆን ብቻውን ገድሎ በኩምቢው ሲንሸራተት፣ ሶምን ያየ ሰው የጻፈው መጽሐፍ መሆኑ ይረሳል። ከሁሉ የሚያናድደኝ የመናፍስቱ ጦር ነው። ሺህ ሰው የሞተበትን ውጊያ አረንጓዴ ጭስ መጥቶ በአንድ ደቂቃ ጠርጎ ይጨርሰዋል። እንደዚያ ከሆነ የሞቱት ለምን ሞቱ? በመጽሐፉ መናፍስቱ እዚያ ሜዳ አይደርሱም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘማቾቹ አገራቸው ሻየር ሲገቡ ተዘርፎ፣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየሰለለ ያገኙታል። ጃክሰን ይህን ምዕራፍ ቆርጦ ጣለው፤ የፊልሙ ትልቁ ክህደት ይኸው ነው። ጦርነት ሩቅ አገር ተጀምሮ ሩቅ አገር አያልቅም።

የሚገርመው ይህን ሁሉ አጥፍቶ መመለሻው ላይ መካሱ ነው። ያ ብዙ ሰው "መጨረሻው አላልቅ አለ" እያለ ያማረረበትን ክፍል እኔ እወደዋለሁ። አራቱ ሆቢቶች፣ ፍሮዶና ጓደኞቹ፣ መጠጥ ቤታቸው ገብተው ይቀመጣሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው የሚያደንቀው አንድ ትልቅ ዱባ ነው። ዓለምን አድነው የመጡትን ዞሮ ያየ የለም። አራቱ ይተያያሉ፣ ብርጭቆ ያነሳሉ፣ ቃል አይወጣቸውም። ፍሮዶ ትከሻው ላይ የተወጋው ቁስል በአራተኛ ዓመቱም ያመዋል፤ መጨረሻ ላይ አገሩ አልይዘው ብሎ በመርከብ ይሄዳል።

ዘጋቢውም እዚህ ቦታ ሲደርስ ቀለሙን አጥቦ ወደ ጥቁርና ነጭ ይመለሳል፤ እኔም የታረቅኩት እዚያ ላይ ነው። ተመላሾቹ ሥራ አጡ። ቤተሰብ ሊሰማቸው አልፈለገም። አንዱ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ባልደረባው የት እንደጠፋ ይጠይቀዋል፤ የሌሊት ተራ ገብቶ ነበር ወይ ብሎ። ፊልሙ በዚህ ያበቃል። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1983፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ አስፋልት ዳር እጁን የዘረጋውን ወታደር ያየ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት የእንግሊዝ ታሪክ ማንበብ አያስፈልገውም። ስንቶቻችን ቆመን የት እንደነበር ጠየቅነው?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለፊልም ትችት ብቻ አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ በየገጹ የሚዞሩትን ቀለም የተቀቡ የአርበኞች ፎቶዎች ታውቋቸዋላችሁ። አሁን ደግሞ ዓይናቸውን እንዲያርገበግቡ፣ ፈገግ እንዲሉ እየተደረጉ ነው። ሥራው ከጃክሰን ሥራ በብዙ ያንሳል፤ ጃክሰን ቢያንስ የልብሱን ቁልፍ ሳይቀር አጥንቷል። እኛ ጋ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ቁልፍ ተጭኖ የባላምባራስን ካባ ሐምራዊ ያደርገዋል፣ በማግስቱ አሥር ሺህ ሰው ካባው ሐምራዊ ነበር ብሎ ያምናል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተረፉን ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ደግሞ የተቀረጹት በወራሪው ካሜራ፣ የሙሶሊኒ የፊልም ተቋም በነበረው በሉቼ ነው። ያንን ቀለም ቀብቶ ሳይናገር መልቀቅ የጠላትን ፕሮፓጋንዳ አዲስ ልብስ ማልበስ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ፎቶዎች የምትለጥፉ ወዳጆቼ፣ አትቀቡ አልላችሁም። ስትቀቡ ግን ዋናውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከጎኑ አድርጉት። ማን እንዳነሳው፣ የት እንደተገኘ የምታውቁትን ያህል ከሥሩ ጻፉ፤ ቀለሙን የመረጣችሁት እናንተ ከሆናችሁም እናንተ መሆናችሁን ጻፉ።