ጠርሙሱ ምን አለ?

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት መጀመሪያ ጧ ይላል፤ ቀጥሎ ፍስስስ። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ አረፋው ሽሽሽ እያለ ይነሳል። ጆሮውን ጠጋ ላደረገ ሰው ደግሞ ደቃቅ ፊኛዎች ላይ ላዩን ሲንጣጡ ይሰማዋል። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሟሙቶ የቆየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊኛ እየሠራ ይወጣል። ያ ጋዝ ከአምቦ ምድር ሥር ከውሃው ጋር የሚመጣ ነው።

እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ግሥ አለው፦ ፖፕ፣ ሂስ፣ ፊዝ፣ ክራክል፣ ሲዝል። እኛ ግን ድምፁን እንዳለ እንወስድና «አለ» እንጨምርበታለን፤ ጠርሙሱ ራሱ ተናጋሪ ይሆናል። ኦሮምኛም በ«ጄዴ» ይህንኑ ያደርጋል። አምቦ ከተማ ካፌ ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ዕቃው ይናገራል ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

የሚያሳዝነኝ ጽሑፋችን ነው። ስናወራ ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ቸስ ይላል፣ ጥብሱ ይንቻቻል፣ ቡናው በውስጡ ያመቀው እንፋሎት ሲሰነጥቀው ምጣዱ ላይ ይንጣጣል። ብዕር ስናነሳ ግን ሁሉም «ድምፅ አሰማ» ይሆናል። ለምን? ቸስታና ፍስታ ለጋዜጣም ለልቦለድም አያንሱም፤ ልጆችም በመማሪያ መጽሐፋቸው ቢያገኟቸው እወዳለሁ።

በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በጉደር ያላችሁ እስቲ ጻፉልኝ፦ እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት እሳት ውስጥ ሲገባ እናንተ ቤት ምን ይላል?