ስለ ጥንት ሕንፃ ዕድሳት፤ ከቢታ ገነት

ከቦንጋ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ቢታ ገነት በከፋ ምድር ካሉት ለምለም አገሮች አንዱ ነው። ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ፤ በጥላው ሥር ቡናው፤ በየጓሮውም እንሰቱ በቅሎ ሲያዩት ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ወደዚህ አገር የመጣ እንግዳ እንደ ጎንደር ያለ የድንጋይ ግንብ ቢፈልግ አያገኝም። ስለዚህ «ከፋ የጥንት ሕንፃ አልነበረውም» ብሎ እንዳይፈርድ ነገሩን በጥቂቱ ልናስረዳ ወደድን።

የከፋ ነገሥታት አዳራሻቸውን ያሠሩት በእንጨትና በሣር ክዳን ነበር። በአንድራቻ የነበረው ቤተ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ተቃጠለ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተማረኩ። ድንጋይ በእሳት ቢመታ ግድግዳው ይቀራል፤ እንጨት ግን ዐመድ ይሆናል። ጠላት እንዳይገባ ሕዝቡ የቆፈረው ጥልቅ ጕድባ ብቻ ምልክቱ እስከ ዛሬ ይታያል።

የተጎዳ ሕንፃ እንዴት መታደስ እንደሚገባው ለማወቅ የጎንደርን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩት ከተማ ግንቦቹ የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ የፈረሰውን በሲሚንቶና በብረት ጠገነ። ሥራው ለጊዜው የጠነከረ መሰለ። ኖራ ግን እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ የታፈነውም ውሃ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ በዩኔስኮ ርዳታ በተደረገው ዕድሳት ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። ግንቦቹ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በቅርብ ዓመታትም እንደገና ዕድሳት ተደርጎላቸዋል።

በጣልያን አገርም በቬኒስ ከተማ የቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ ሐምሌ 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በድንገት ተናደ። የከተማው ሰዎች አዲስ መልክ አልመረጡም፤ በነበረበት ስፍራ እንደ ነበረው አድርገው ሊሠሩት ቈረጡ፤ በ1904 ዓ.ም. ፈጸሙት። ይህን ማድረግ የቻሉት የቀድሞውን መልክ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዕድሳት ከገንዘብ አስቀድሞ ዕውቀትን የሚሻ መሆኑን ነው። ጎንደርን የሚያድስ ኖራ አቃጥሎ ማብረድን፤ የከፋን አዳራሽ መልሶ ሊያቆም የሚያስብም እንጨት መምረጥን፤ ወጋግራ ማቆምን፤ ማገር ማሰርንና ሣር መክደንን ማወቅ አለበት። የኖራው ዕውቀት በድንጋዩ ላይ ተጽፎ ይቈያል፤ የእንጨቱ ዕውቀት ግን የሚገኘው በሽማግሌዎች እጅና አንደበት ነው። ዛሬ ቆርቆሮ በየስፍራው የሣሩን ክዳን እየተካ ስለ ሄደ፤ እነዚህ አባቶች ሳያስተምሩ ቢያልፉ አንድራቻ ሁለተኛ ጊዜ ተቃጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ በከፋም ሆነ በሌላው አውራጃ ሹመት ያላችሁ፤ ልጆችም የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፤ የቆየውን ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት የሠራውን ሰው ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ጻፉ። ልጆቻችሁም አንድ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጕልላቱ ሲሠራ ቆመው ይመልከቱ፤ ማገሩንም በእጃቸው ይያዙ። ጕድባውን ሞልቶ ማረስ ለአንድ ሰው ጥቂት እህል ያተርፍ ይሆናል፤ ለልጅ ልጅ ግን የአባቶቹን ምስክር ያጠፋበታል።